የአንድ ምሽት የሥዕል ድግስ ካለ ቀደም ብላችሁ ሂዱ

ከመሀል ከተማ ወጣ ያለ ሙዚየም ውስጥ አዳዲስ ሥራዎች ለአንድ ምሽት ብቻ ይታያሉ ከተባለ፣ በሩ እንደተከፈተ ግቡ። እኔ አንዴ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ደርሼ ከሥዕሉ ይልቅ የሰው ጀርባ አይቼ ተመልሻለሁ። ሠዓሊውማ በዘመድ ተከብቦ ነበር፣ ማን ያስጠጋል!

ቀደም ማለት በተለይ አዲስ አበባ፣ መካኒሳ ላለው ዞማ ሙዚየም ይጠቅማል። በ2011 ዓ.ም. የተከፈተው ይህ ግቢ ቤቶቹ የጭቃና የጭድ ናቸው። ግድግዳው ላይ የተቀረጸው ጌጥ ደግሞ 11 ሰዓት አካባቢ ፀሐይ በጎን ስትመታው ነው ቁልጭ ብሎ የሚታየው። በአምፖል ያን ያህል አይደለም።

ሥዕሉን መጀመሪያ ከሩቅ እዩት፣ ከዚያ ጠጋ በሉ። ከሙዚየሙ መሥራቾች አንዱ የሆነው ኤልያስ ስሜ የሚሠራቸውን ብታዩ ይገባችኋል። ከሩቅ ጥልፍ ይመስላሉ፣ ሲጠጉ የተጎነጎነ የኤሌክትሪክ ሽቦና የኮምፒውተር ቁልፍ ናቸው።

ሠዓሊውን ካገኛችሁት "ስንት ነው?" ብላችሁ አትጀምሩ። "በምን ሠራኸው?" በሉት፣ ወሬው ራሱ ይመጣል። መግዛት ካሰባችሁ ግን አትፈሩ፣ ዋጋውን ለብቻው ጠይቁት። በሁለት ጊዜ ልክፈል ማለትም ነውር የለውም።

ጃኬት ያዙ፣ ማታ ይበርዳል። ታክሲ ሳይጠፋ ለመውጣት ደግሞ ከወዲሁ ከአንድ የሰፈር ሰው ጋር ተቀጣጠሩ። በራይድ ከሆነም ለሦስት ለአራት ሲካፈሉት ይቀላል።