ውብ ደሴት ላይ ውድ ክፍል ከመያዝዎ በፊት

ከጥቂት ዓመታት በፊት በሕንድ ውቅያኖስ ወደምትገኝ አንዲት ደሴት ሄጄ፣ የሰባት ሌሊት ኪራይ አስቀድሜ በከፈልሁበት የእንግዳ ማረፊያ አረፍሁ። ከበረንዳው የሚታየው ባሕር በፎቶግራፍ ካየሁትም ያምር ነበር። ሻንጣዬን አስቀምጬ የሻወሩን ቧንቧ ስከፍት ግን መጀመሪያ አየር ተፋ፣ ቀጥሎ ዝገት ያቀላው ውሃ አንጠባጠበ፣ በመጨረሻ የወረደው ለብ ያለ ውሃ ከንፈሬን ሲነካው ጨው ጨው አለኝ፤ ሳሙናውም አረፋ አላወጣም። ማታ አራት ሰዓት ላይ ጄኔሬተሩ ጠፋ፤ የጣሪያው ማራገቢያ እየዘገመ ቆመ፤ አጎበሩ በራስጌ በኩል ጡጫ የሚያሳልፍ ቀዳዳ ስለነበረው ትንኝ ስከላከል ነጋ። ገንዘቡ በሙሉ ተከፍሎ ስላለቀ የመሄድም የመከራከርም አቅም አልነበረኝም። ይህን የምጽፈው ሌላ ሰው ዓመት ሙሉ ያጠራቀመውን ገንዘብ እንዲህ ባለ ክፍል ላይ እንዳያፈስ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ደሴቱንና ክፍሉን ለያይቶ ማየት ያስፈልጋል። ባሕሩ፣ አሸዋውና ዘንባባው የማንም የእንግዳ ማረፊያ ሥራ አይደሉም፤ በርካሽ ላደረም በውድ ላደረም እኩል ይታያሉ። የሚከፈለው ለውሃ፣ ለመብራት፣ ለፍራሽ፣ ለንጽሕናና ለጸጥታ ነው። ስለዚህ ማስታወቂያውን ሲያነቡ ስለ ባሕሩና ስለ ፀሐይ መጥለቂያው የተጻፈውን ሁሉ በጣትዎ ሸፍነው የቀረውን ያንብቡ፤ ከዚያ በኋላ የሚነበብ ነገር ካልተረፈ ሌላ ማረፊያ ይፈልጉ። በትንሽ ደሴት ላይ ሲሚንቶውም፣ ነዳጁም፣ ምግቡም በጀልባ ስለሚመጣ ዋጋ ከፍ ማለቱ በራሱ ማጭበርበር አይደለም፤ ጥፋቱ ለዚያ ዋጋ የሚገባው ነገር ሳይሰጥ ሲቀር ነው።

ስለ ውሃ ሲጠይቁ «ውሃ አለ ወይ?» አይበሉ፤ መልሱ ሁልጊዜ «አለ» ነው። በብዙ ትናንሽ ደሴቶች የጉድጓድ ውሃ የሚገኘው አፈሩ ውስጥ ከሰረገው ዝናብ ሲሆን፣ ይህ ውሃ ከባሕር ውሃ ስለሚቀል ከሥሩ ባለው ጨዋማ ውሃ ላይ ተንሳፍፎ ይቀመጣል። ዝናብ በሌለበትና እንግዳ በሚበዛበት ወቅት ከመጠን በላይ ሲሳብ ጨዋማው ከታች ተነሥቶ ወደ ቧንቧው ይገባል። ስለዚህ የመታጠቢያው ውሃ ከጉድጓድ፣ ከዝናብ ማጠራቀሚያ ወይስ ከተጣራ የባሕር ውሃ እንደሚመጣ፣ እርስዎ በሚሄዱበት ወር ጨው ጨው ይል እንደሆነም በጽሑፍ ይጠይቁ። መብራትም እንዲሁ ነው። ዛንዚባር ኤሌክትሪክ የምታገኘው ከታንዛኒያ ዋና ምድር በባሕር ሥር በተዘረጋ ገመድ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከ2009 መጨረሻ ጀምሮ አገልግሎቱ ተቋርጦ ደሴቱ ለሦስት ወር ያህል ያለ መብራት ቆይቷል። እንዲህ ያለው ረጅም መቋረጥ የዘወትር ነገር አይደለም፤ ሆኖም መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ አየር ማቀዝቀዣውን ጭምር ይሸከም እንደሆነ ወይስ አምፖልና ማራገቢያ ብቻ፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት እንደሚሠራም ማወቅ የእርስዎ ፋንታ ነው። ለእነዚህ ጥያቄዎች በሰዓትና በቁጥር የሚመልስ ባለቤት አብዛኛውን ጊዜ ቤቱን የሚያውቅ ሰው ነው። «አይጨነቁ፣ ሁሉም ነገር አለ» ከሚል ሰው ግን እኔ ክፍል አልይዝም።

ብዙዎችን ይበልጥ የሚያሳዝነው ባሕሩ ራሱ ነው። በአብዛኛው የዓለም ባሕር ዳርቻ ውሃው በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይሸሻል፤ ሰዓቱም በየቀኑ ሃምሳ ደቂቃ ያህል ወደኋላ ይዘገያል። ወለሉ ቀስ እያለ በሚወርድ ዳርቻ ላይ ይህ ትልቅ ለውጥ ያመጣል። በዛንዚባር ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ ለምሳሌ በፓጄና በጃምቢያኒ፣ ውሃው ሲሸሽ እጅግ ርቆ ስለሚሄድ መዋኘት የፈለገ ሰው የባሕር አረም በሚያለሙ ሴቶች መካከል በእርጥብ አሸዋ ላይ ረጅም መንገድ ይጓዛል። ትዕይንቱ ያምራል፤ ዋና ፈልጎ ለመጣ ሰው ግን ቀኑ ባክኗል። በሰሜን ጫፍ ባሉት በኑንግዊና በኬንድዋ ውሃው ያን ያህል ስለማይርቅ በቀኑ አብዛኛው ሰዓት መዋኘት ይቻላል። የእንግዳ ማረፊያዎች ፎቶግራፎች ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚነሡት ባሕሩ በሞላበት ሰዓት ነው። ስለዚህ ቀን ከመቁረጥዎ በፊት የዚያን አካባቢ የባሕር ሙላት ሰንጠረዥ በኢንተርኔት ይፈልጉ፤ በሚቆዩባቸው ቀናት ውሃው የሚሞላው ንጋት ላይና ምሽት ላይ ብቻ ከሆነ ሳምንቱን ወደፊት ወይም ወደኋላ መግፋት ይበቃል። በካሪቢያን ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ ሳርጋሰም የሚባል ቡናማ የባሕር አረም፣ በተለይ ከመጋቢት እስከ ነሐሴ ባለው ጊዜ፣ በብዛት ወደ ዳርቻ እየተገፋ ይመጣል፤ ሲበሰብስም የተበላሸ እንቁላል የሚመስል ሽታ አለው። ባለቤቱ አረሙን ሊያስቀረው አይችልም፤ መኖሩን ሊነግርዎ ግን ይችላል።

የዋጋውን ነገር በተመለከተ የተጻፈውን ቁጥር ሳይሆን ሲወጡ የሚከፍሉትን ጠቅላላ ድምር ይጠይቁ። በማልዲቭስ ለምሳሌ 100 ዶላር ተብሎ በማስታወቂያ የወጣ ክፍል 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ሲጨመርበት 110 ይሆናል፤ በዚያ ላይ እ.ኤ.አ. ከጁላይ 2025 ጀምሮ 17 በመቶ የሆነው የቱሪዝም ግብር ሲታሰብ 128 ዶላር ከ70 ሳንቲም ይደርሳል። የአገሩ ሰዎች በሚኖሩባቸው ደሴቶች ባሉ አነስተኛ ማረፊያዎች ደግሞ በአንድ ሰው በአንድ ሌሊት 6 ዶላር ለአካባቢ ጥበቃ የሚሰበሰብ የአረንጓዴ ግብር አለ። ለሁለት ሰው ሲሰላ 100 የተባለው 140 አለፈ ማለት ነው። ይህ ሕጋዊ ክፍያ ቢሆንም አስቀድሞ ያልተነገረው እንግዳ እንደተታለለ ይሰማዋል። የፈጣን ጀልባው ዋጋም ብዙውን ጊዜ ከዚህ ውጭ ነው።

የቀድሞ እንግዶችን አስተያየት ሲያነቡ አማካይ ነጥቡን ይተዉትና በአዲስነት ቅደም ተከተል ያስቀምጡት፤ ባለፈው ዓመት እርስዎ በሚሄዱበት ወር ያረፉ ሰዎች የጻፉትን ይምረጡ። ከውዳሴውና ከእርግማኑ ይልቅ መካከለኛ ነጥብ የሰጡት ብዙ ይናገራሉ፤ ስለ ውሃ፣ ስለ ሽታ፣ ስለ ጄኔሬተር ድምፅ የተጻፈው እዚያ ይገኛል። እንግዶች ያነሡትን ፎቶግራፍ ከባለቤቱ ፎቶግራፍ ጎን ለጎን አድርገው ይዩ።

ቢቻል ከሁለት ሌሊት በላይ አስቀድመው አይክፈሉ። ደሴት ከከተማ የሚለየው በዚህ ነው፤ ከተማ ውስጥ ያልተስማማው እንግዳ መንገድ ተሻግሮ ሌላ ሆቴል ይገባል፣ ደሴት ላይ ግን የመጨረሻዋ ጀልባ ከሄደች ባለቤቱም እርስዎም መሄጃ እንደሌለ ታውቃላችሁ። ስለዚህ የጀልባውን የመጨረሻ ሰዓት፣ ያለ ቅጣት መሰረዝ የሚቻልበትን ቀንና በአቅራቢያው ያለ ሌላ ማረፊያ ስም በወረቀት ይዘው ይሂዱ። በተቻለ መጠን ከቀትር በፊት ይድረሱ።

እንደደረሱ ሻንጣዎን ሳይከፍቱ ክፍሉን ይፈትሹ። የሻወሩን ውሃ ሦስት ደቂቃ ያፍስሱትና ይቅመሱት፤ አየር ማቀዝቀዣውን አብርተው ቀዝቃዛ አየር እስኪሰጥ ይጠብቁ፤ አንሶላውን ገልጠው የፍራሹን ጠርዝ ይመልከቱ፤ አጎበሩን ወደ ብርሃን ዘርግተው ቀዳዳ ይፈልጉ፤ በሩን ከውስጥም ከውጭም ይቆልፉ። ሃያ ደቂቃ አይፈጅም። ጉድለት ካገኙ ሰዓቱ በሚታይበት ቪዲዮ ይቅረጹና ወዲያውኑ ሪሴፕሽን ላይ ላለው ሰው ሳይሆን የመወሰን ሥልጣን ላለው ሰው ይናገሩ። ሪሴፕሽን ላይ ያለው ወጣት ብዙውን ጊዜ ደመወዙ ትንሽ፣ ሥልጣኑም ምንም ነው፤ እኔን ያስተናገደኝ ልጅ በዚያች ሌሊት በራሱ ፈቃድ ንጹሕ ውሃ በባልዲ ተሸክሞ አምጥቶልኛል፤ በእሱ ላይ መጮኼ ዛሬም ይቆጨኛል።

ሲናገሩም «ክፍሉ መጥፎ ነው» ከማለት ይልቅ የሚፈልጉትን ለይተው ይጠይቁ፦ ክፍል እንዲቀየርልዎ፣ ዋጋ እንዲቀነስልዎ ወይም የቀሩት ሌሊቶች ገንዘብ ተመልሶልዎ እንዲሄዱ። በቃል የተነጋገሩትን ያን ዕለት ክፍሉን በያዙበት ድረ ገጽ መልእክት መላኪያ በኩል በጽሑፍ ይድገሙት፤ በግል ስልክ የተባለውን ድርጅቱ አያየውም። ጊዜ ገደብም አለ፤ ኤርቢኤንቢ የተባለው የማረፊያ ማከራያ ድረ ገጽ ለምሳሌ ችግሩ በታወቀ በ72 ሰዓት ውስጥ እንዲነገረው ይጠይቃል። ሳምንቱን ታግሦ አገሩ ከገባ በኋላ የሚያመለክት ሰው ገንዘቡን የሚያጣው በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው። በካርድ ከፍለው መልስ ካጡ፣ አገልግሎቱ እንደተነገረው አለመሆኑን ገልጸው ባንክዎ ክፍያውን እንዲከራከርልዎ ማመልከት ይችላሉ፤ ቪዲዮውና የተጻጻፉት መልእክት የሚያስፈልገው ያኔ ነው።

ከተመለሱ በኋላ የሚተዉት አስተያየት የሚጠቅመው ዝርዝር ሲኖረው ነው። ያረፉበትን ወር፣ የክፍሉን ቁጥር፣ መብራቱ ስንት ሰዓት እንደሚጠፋ፣ ውሃው ጨው ጨው ማለቱን፣ ጉድለቱን ለማን መቼ እንደነገሩና ምን እንደተመለሰልዎ ይጻፉ። ያስተናገደዎት ሠራተኛ ደግ ከነበረ እሱንም ለይተው ይጻፉለት፤ ባለቤቱ ሊያነበው ይችላል።