ትምህርት ቤት ሲዘጋ መጀመሪያ የሚደወለው ዝም ላለው ወላጅ ነው

መጋቢት 7 ቀን 2012 በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት ተዘጋ ሲባል ለ15 ቀን ነው የተባልነው። ልጆቹ ጨፈሩ። እኛም ብዙ አልደነገጥንም። ደብተሩን ዴስኩ ስር ትቶ የመጣ ልጅ ሁሉ ነበር። ከዚያ 15 ቀኑ ወር ሆነ፣ ወሩ ክረምት ገባ፣ በሮቹ በየተራ መከፈት የጀመሩት ጥቅምት 2013 ላይ ነው። በአገሪቱ ከ26 ሚሊዮን በላይ ተማሪ ቤቱ ዋለ። እኔ በደንብ የማውቀው ግን አዲስ አበባ ውስጥ ያለች፣ ሲስተሮች (የካቶሊክ መነኩሲቶች) የሚያስተዳድሯት አንዲት የካቶሊክ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። ሁለቱ ልጆቼ እዚያ ይማሩ ነበር። እኔ ደግሞ የወላጅ መምህር ኅብረቱ ጸሐፊ ነበርኩ፤ ስልኬ አያርፍም ማለት ነው።

ያበላሸነውም ያቃናነውም ብዙ ነው። ትምህርት ቤት ነገ በሌላ ምክንያት ሊዘጋ ስለሚችል፣ ያኔ ለኮሚቴው፣ ለሲስተሮቹና ለቲቸሮቹ የሚጠቅም የመሰለኝን ልጻፍላችሁ።

ምንም ከመላካችሁ በፊት ደውሉ

የመጀመሪያው ስህተታችን ችኮላ ነበር። በየክፍሉ የቴሌግራም ግሩፕ ከፈትን፣ የሰባት ትምህርት ወርክሺት በአንድ ሳምንት ለቀቅን፣ ተገላገልን አልን። በሁለተኛው ሳምንት ሦስት ልጆች እኛ ጋ ለሚማሩላት አንዲት እናት ለሌላ ጉዳይ ደወልኩ። ወሬ በወሬ ሲነሳ ቤቱ ውስጥ ያለው ስማርትፎን አንድ ነው። እሱም የባሏ ነው። ባሏ ሹፌር ነው፤ ከንጋቱ 12 ሰዓት ይዞት ይወጣል፣ ማታ 3 ሰዓት ባትሪው አልቆ ይመለሳል። ሦስቱ ልጆች ቻርጅ ላይ እንደተሰካ፣ ግድግዳው ጥግ ተቀምጠው፣ በየተራ ነው የሚገለብጡት። እኛ ዝርዝር ላይ ግን ይህ ቤት «ቴሌግራም አለው» ተብሎ ራይት ገብቶበታል!

ስለዚህ መጀመሪያ እያንዳንዱ ቤት ይደወል። አንድ መምህር አሥር ቤት ያህል ይያዝ፣ ክፍሉ ሰፊ ከሆነ የኅብረቱ አባላት ይካፈሉት። አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃል።

አጠያየቃችሁን ግን አስቡበት። «ችግር አለባችሁ ወይ?» ካላችሁ መልሱ የታወቀ ነው፤ «ኧረ የለም፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ትባላላችሁ። ይሉኝታ አለ። «ስልኩ ቀን ቀን ማን ጋ ነው የሚውለው?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። ይሄ ማንንም አያሳፍርም። ቀጥሎ ስንት ተማሪ ቤት ውስጥ እንዳለ፣ ቀን ከልጆቹ ጋር የሚውለው ማን እንደሆነ፣ እሱ ወይም እሷ ማንበብ ይችሉ እንደሆነ፣ ትምህርት ቤቱ ድረስ መጥቶ ወረቀት የሚወስድ ሰው ይኖር እንደሆነ ጠይቁ። በቃ። ከዚህ በኋላ ቀን ኢንተርኔት ያለው ቤት፣ ማታ ብቻ ያለው ቤት፣ ጭራሽ የሌለው ቤት ተለይቶ ይታወቃል። ዕቅዳችሁን ከመጨረሻው ጀምራችሁ አውጡ። ኢንተርኔት ለሌለው ቤት የሚሠራ ነገር ለሌላውም ይሠራል። የተገላቢጦሹ ግን አይሠራም፣ እኛ ሞክረነዋል።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። ግሩፑ ላይ ምንም የማይጽፍ ወላጅ አለ አይደል? ኮሚቴ ውስጥ «እነዚህ ለልጃቸው ግድ የላቸውም» የሚል ሰው አይጠፋም። እኔም ብዬ ነበር፣ አልዋሽም። ስንደውል ግን አንዱ ሥራው ቆሞ አገር ቤት ሄዷል፣ አንዷ ሲም ካርድ ቀይራለች፣ አንዷ ደግሞ ማንበብ አትችልም፤ ይህን ሃምሳ ሰው ፊት እንድትጽፈው ነበር የምንጠብቀው። ስለዚህ በየሳምንቱ አርብ ያልታየውን ልጅ ቁጠሩና ለነሱ ደውሉ። ጎበዞቹ ራሳቸው ይደውሉላችኋል።

ቴሌግራሙን በተመለከተ

ቻናልና ግሩፕ ይለያዩ። የሦስተኛ ክፍል ግሩፓችን ላይ ሰኞ ጠዋት የተለቀቀ የሒሳብ ወርክሺት እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ በ«አሜን»፣ በጽጌረዳ ፎቶ «መልካም ሳምንት» እና ፌጦ ከነጭ ሽንኩርት ጋር ኮሮናን ያጠፋል በሚል ፎርዋርድ ተቀብሮ ነበር። አንድ አባት እስከ ማታ ፈልጎ አጣው። ቻናል ላይ መምህሩ ብቻ ይለጥፋል፣ ሌላው ያነባል። ጥያቄ በግሩፑ ይሁን፣ እሱም ሰዓት ይኑረው።

ቪዲዮ ተዉት። የአሥር ደቂቃ ቪዲዮ የአንድ ቤት የሳምንት ካርድ ሊበላ ይችላል። የአንድ ወይም የሁለት ደቂቃ ድምፅ ከአንድ ጥሩ ፎቶ ጋር ይበቃል። ፎቶውን መስኮት አጠገብ አንሱት፣ የእጃችሁ ጥላ አይረፍበት፤ አንድ ገጽ፣ አንድ ፎቶ። በኮምፒውተር የተጻፈ አማርኛ ከሆነ በፒዲኤፍ ላኩት። በወርድ የላክነው ፈተና አንዳንዱ ስልክ ላይ ሳጥን ሳጥን ብቻ ሆኖ ተከፍቷል፤ ልጄ ሳጥኖቹን በደብተሯ በጥንቃቄ ስትስል ነው ያገኘኋት።

ወላጆች ሴቲንግ ገብተው የሚዲያ ኦቶማቲክ ዳውንሎድን እንዲያጠፉ እርዷቸው። ጽፋችሁ አትላኩ፣ ደውላችሁ «አሁን እዚህ ጋ ንኩ» እያላችሁ አሳዩ። አምስት ደቂቃ ነው የሚፈጀው። ካርድ ለማገዝ ደግሞ ገንዘብ ከማዞር ይልቅ በ*999# የኢንተርኔት ጥቅል በስጦታ መላክ ይቀላል። መጀመሪያ ለመምህራኑ ላኩ። ቲቸሮቹ ከደመወዛቸው ካርድ እየገዙ እንደሆነ እኛ ያወቅነው በሁለተኛው ወር ነው፣ በጣም ነው ያፈርነው።

ሌላው የቋንቋው ጉዳይ ነው። ያኔ እኛ ጋ ሳይንሱም ሒሳቡም በእንግሊዝኛ ነበር። ክፍል ውስጥ መምህሯ ትተረጉማለች፣ ቤት ውስጥ ማን ይተርጉም? ጥያቄው በእንግሊዝኛ ይቆይ፣ ትእዛዙ ግን ከላዩ በአማርኛ ይጻፍ። «ትክክለኛውን አክብብ» የሚል አንድ መስመር ስንጨምር የሚመለሰው ወረቀት ወዲያው በዛ። ልጆቹ ትምህርቱ አልከበዳቸውም ነበር ለካ።

በሩ ላይ ያሉት ሁለት ካርቶኖች

ከሠራነው ሁሉ እኔ የምኮራው በካርቶኖቹ ነው። ጥበቃው ቤት አጠገብ ሁለት ካርቶን ተቀመጠ። አንዱ ላይ «ውሰዱ»፣ ሌላው ላይ «መልሱ» ተጻፈበት። በያንዳንዱ ልጅ ስም ካኪ ፖስታ ተዘጋጀ፣ ውስጡ የሁለት ሳምንት ወርክሺት አለ። ወላጅ ቅዳሜ መጥቶ የተሠራውን ይጥላል፣ አዲሱን ያነሳል። ቅዳሜ የማይመቸው በአዘቦት ቀን ይመጣል፣ ጥበቃው ጋሼ ሁሉንም ልጅ በመልክ ያውቁታል። የተመለሰው ወረቀት ሦስት ቀን ሳይነካ ይቆይና ይታረማል፤ ያኔ ወረቀት መንካትም ያስፈራ ነበር።

ፖስታው ውስጥ ኮሙኒኬሽን ቡኩም ይግባ። በሰላሙ ጊዜ «ልጅዎ የቤት ሥራ አልሠራም» ብቻ የሚጻፍበት ያ ደብተር፣ ሲዘጋ ደብዳቤ ሆነ። መምህሯ በቀይ እስክሪብቶ ለልጁ በስሙ ሁለት መስመር ትጽፍለታለች። «"ሸ"ን ጎበዝ ሆነህ ጽፈሃል፤ "ቸ" ላይ ግን ቅጥያዋን ረስተሃል»። ልጆቹ ከወርክሺቱ በፊት እቺን መልእክት ነበር የሚፈልጉት። አንድ ፖስታ ደግሞ ከተሠራው ሥራ ጋር በላስቲክ የተቋጠረ ቆሎ ይዞ ተመለሰ። «ለቲቸር» ይላል።

ሥራው ግን ትንሽ ይሁን። ከአንደኛ እስከ አራተኛ ክፍል ላለ ልጅ በቀን አንድ ሰዓት ተኩል ካገኛችሁ ተመስገን በሉ። ሰባቱንም ትምህርት እናስኬድ ያላችሁ እንደሆነ ሰባቱም ይቀራሉ። እኛ በኋላ ንባብና ሒሳብ ላይ አተኮርን፣ ሌላውን በሬዲዮና በቴሌቪዥን የሚተላለፈው ትምህርት እንዲደግፍ ተውነው። ንባብ ለማስጠናት ደግሞ የተማረ ሰው የግድ አያስፈልግም። አያትየው አጠገቡ ተቀምጠው «ጣትህን እያስከተልክ ጮክ ብለህ አንብብልኝ» ይበሉት። ሲንተባተብ ይሰማቸዋል። ሒሳቡን በሽምብራ ይቁጠር፣ ሱቅ ሲላክ መልሱን ቀድሞ ያስላ።

በሳምንት አንዴ ደግሞ መምህሯ እያንዳንዱን ልጅ በስልክ ታስነብበው፤ ተራ የድምፅ ጥሪ ነው፣ ሦስት ደቂቃ። ልጄ ያኔ ሁለተኛ ክፍል ነበረች። የመጀመሪያ ቀን መጽሐፏን ስልኩ ፊት ዘርግታ ይዛ «ቲቸር፣ ታየሽ? እዚህ ጋ ነው የከበደኝ» ትላለች። መምህሯም «ታየኝ፣ ትንሽ ዝቅ አድርጊው» አለቻት። እንዲህ ያለች መምህር ካለቻችሁ አጥብቃችሁ ያዟት።

ጥሪው ሁሌ በወላጅ ስልክ፣ ወላጅ ወይም የቤት ሰው ባለበት ይሁን። ከልጅ ጋር ለብቻ መጻጻፍ የለም፣ ለማንም ቢሆን። ልጁ ሁሌ የሚያለቅስ ወይም በፍርሃት የሚመልስ ከመሰላችሁ ግሩፕ ላይ ሳይወራ በቀጥታ ለርእሰ መምህሯ ይነገር።

ስለ ጸሎቱ፣ ስለ ክፍያውና ስለ ዱቄቱ

ልጆች ከናፈቃቸው ነገር አንዱ የጠዋት ሰልፍ ነበር፣ ማን ያምናል! ሲስተር በየጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ የአንድ ደቂቃ ድምፅ መላክ ጀመሩ። «እንደምን አደራችሁ ልጆች፣ ፊታችሁን ታጥባችኋል?» ብለው ይጀምሩና የልደት ቀኑ የሆነ ልጅ ካለ በስሙ ይጠሩታል። ይሄ ለሁሉም ይላካል። ጸሎቱና የመቁጠሪያው ፕሮግራም ግን በቁምስናው (በካቶሊክ አጥቢያው) ቻናል ለፈለገ ይሁን። ካቶሊክ ትምህርት ቤት ነው ብንልም ክፍሉ ውስጥ የሚበዛው ኦርቶዶክስ፣ ሙስሊምና ፕሮቴስታንት ነው። በዚያ ዓመት ፋሲካ ሚያዝያ 11 ዋለ፣ ረመዳን የገባው በዚያው ሳምንት መጨረሻ ነው። ስለዚህ የበዓል ሳምንት ወርክሺት አይውጣ፣ የረመዳን ሰሞን ደግሞ አመሻሽ ላይ አትደውሉ፤ እናት ለማፍጠሪያ ሾርባ ጥዳ «ልጅሽ ክፍልፋይ አልገባውም» መባል አትፈልግም።

ክፍያ ከባዱ ነው። መምህራን ደመወዝ ያስፈልጋቸዋል፣ ወላጅ ደግሞ ሥራ ፈቷል፤ ሁለቱም እውነት ነው። ያልከፈለ ሰው ስም በግሩፕ አይለጠፍ፣ ልጁም ፖስታውን አይከልከል። አንዲት ሲስተር ወይም አንድ የታመነ ሰው ለብቻው ይቀመጥና እያንዳንዱን ቤት ያነጋግር፤ ቀን ማራዘም፣ መቀነስ፣ በየወሩ ትንሽ ትንሽ መክፈል፣ እንደ ቤቱ ሁኔታ። የቻለ ወላጅ የሌላውን ልጅ መክፈል ከፈለገ ለማን እንደከፈለ አይነገረው። ቁምስናው ዱቄት፣ ዘይትና ሳሙና ሲያሰባስብም እንዲሁ። እኛ በመጀመሪያው ዙር ሰልፍ አሰልፈን ፎቶ አነሳን። በሁለተኛው ዙር ግማሹ ሰው አልመጣም። ቀኝህ የምታደርገውን ግራህ አትወቅ የሚለውን ለልጆቹ በግብረ ገብ እናስተምራለን፣ ኮሚቴው ግን ረስቶት ነበር። ከዚያ በኋላ ዱቄቱ በጨለማ በታክሲ ቤት ለቤት ሄደ።

ከዚያ ሰኔ 23 ቀን 2012 ግርግር ተነሳና ኢንተርኔት ጠፋ። ለሳምንታት። ቻናሉም፣ ግሩፑም፣ የሲስተር ድምፅም አብሮ ጠፋ። ስልክ ግን ይጠራ ነበር፣ ካርቶኖቹም በሩ ላይ ነበሩ። ግርግሩ ሲረጋጋ ሰው መጥቶ ፖስታውን ወሰደ። አሥር አሥር ቤት ይዘው ሲደውሉ የነበሩት መምህራንም መደወላቸውን ቀጠሉ።

ዝርዝሩን ኮምፒውተር ላይ ብቻ አታስቀምጡ፣ በወረቀትም ይታተም። በየዓመቱ መስከረም ላይ ምዝገባ ሲያልቅ ደግሞ እንደገና ደውላችሁ አድሱት። ባለፈው ስናድስ ከአንድ ክፍል ብቻ አሥራ አንድ ቁጥር ተቀይሮ አገኘን። የሹፌሩ ሚስት የራሷን ስልክ ገዝታለች፣ አሁን ቀን ቀን እሷ ጋ ነው የሚውለው።