መስታወት ጉም ሲለብስ ኤሲውን ከሙቀቱ ጋር ክፈቱ

በክረምት ሁለት ሆናችሁ ወደ ደብረ ሊባኖስ ወይም ወደ አባይ በረሃ ለምትነዱ። ከአዲሱ ገበያ ተነስታችሁ የእንጦጦን ዳገት ወደ ሱሉልታ ስትሻገሩ፣ የውጭው ጉም አልበቃ ብሎ የመኪናው መስታወት ከውስጥም ይደፈናል። ጎን የተቀመጠው ሰው በሶፍት ሲጠርግ ያ ሁሉ አረንጓዴ ሜዳ ያመልጠዋል፤ መስታወቱም የእጅ ቅባት ይዞ ይብስበታል።

ሙቀቱን ከፍ አድርጉና ኤሲውንም አብራችሁ ክፈቱ፤ አየሩን ወደ ፊት መስታወቱ አዙሩት። የመኪና ሥዕልና የታጠፈ ቀስት ያለበትን ቁልፍ ግን አጥፉት፤ እሱ ከበራ የገዛ ትንፋሻችሁን ነው መልሶ የሚያዞረው።

ኤሲ ለበረሃ ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። አየሩ በኤሲው ቀዝቃዛ ክፍል ሲያልፍ እርጥበቱ ውሃ ሆኖ ከመኪናው ሥር ይንጠባጠባል። ከዚያ የሚሞቀው ደረቅ አየር የመስታወቱን እርጥበት ይመጠዋል። የራሰ ጃንጥላና ጋቢ ከኋላ ወንበር ካለ ግን ይዘገያል።

ትንሽ ሞተር ያለው መኪና ዳገቱ ላይ ጉልበት ሊያንሰው ይችላል፤ ያኔ ለጥቂት ደቂቃ ኤሲውን አጥፉ። ጎሃ ጽዮንን አልፋችሁ ወደ አባይ ስትወርዱ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ሞቃቱ አየር እርጥበት ካለው፣ በኤሲ የቀዘቀዘው መስታወት ከውጭ በኩል ይደበዝዛል። በጣት ከውስጥ ነክታችሁ ካልጠፋ ውጭ ነው ማለት ነው፦ ቀዝቃዛውን አየር ከመስታወቱ አንሱና የዝናብ መጥረጊያውን አንዴ አስነሱት።