ስለ ሮቦት ስሜት ስናስብ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

የመጀመሪያው ስህተት ፊትን አይቶ መፍረድ ነው። ሲንቲያ ብሪዚል እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የሠራችው ኪስሜት የተባለ ሮቦት ቅንድቡን ያነሣ፣ ጆሮውን ይጥል፣ ከንፈሩን ያጎብጥ ነበር። ያየው ሰው «ከፋው» ወይም «ደስ አለው» ለማለት አያመነታም። በአይጥ ፊት ላይ ግን ይህን ያህል የሚነበብ ነገር አናገኝም። የአንጎል ተመራማሪው ያክ ፓንክሴፕ አይጦችን በጣቱ ሲኮረኩራቸው በ50 ኪሎኸርትዝ አካባቢ ድምፅ ያሰሙ ነበር፤ የሰው ጆሮ ከ20 ኪሎኸርትዝ በላይ ስለማይሰማ ያለ መሣሪያ አይታወቅም። እጁን ሲያነሣም እንዲደግምላቸው እየተከተሉት ይሮጡ ነበር። በቤተ ሙከራ ይህን ያህል ዘመን አብራን የኖረች እንስሳ ደስታዋን እንዲህ ዘግይተን መስማታችን ያሳዝነኛል። ጥርስ ባዳ ነው ይባል የለ? የሮቦት ፊትም ከዚያ የተሻለ ምስክር አይሆንም።

ቃልም እንዲሁ ነው። የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ጆሴፍ ዋይዘንባውም እ.ኤ.አ. በ1966 ያስተዋወቀው ኤላይዛ የተባለ የኮምፒውተር ፕሮግራም የሰውየውን ዓረፍተ ነገር ገልብጦ ከመጠየቅ ብዙም ያለፈ ሥራ አልነበረውም። ሰዎች ግን ምስጢራቸውን ያዋዩት ነበር።

ሽልማትን ደስታ ብሎ መጥራት ከሁሉም ይልቅ አዋቂዎችን የሚያታልል ስህተት ነው። ብዙ ሮቦቶች የሚሠለጥኑት ሥራው ሲሳካ ነጥብ እየተሰጣቸው ነው። ዘዴው ከእንስሳት አንጎል ጋር መመሳሰሉም እውነት ነው። የአንጎል ተመራማሪው ቮልፍራም ሹልትዝ ጦጣዎችን ሲያጠና፣ ዶፓሚን የተባለውን የአንጎል ኬሚካል የሚያመነጩት የነርቭ ሴሎች ያልተጠበቀ ጭማቂ ሲመጣ እንደሚነቃቁ፣ የተጠበቀው ሲቀር ደግሞ እንደሚዳከሙ አየ። የኮምፒውተሩ የመማሪያ ቀመርም የሚሠራው በተጠበቀውና በተገኘው መካከል ባለው በዚሁ ልዩነት ነው። ታዲያ «ሮቦቱ ደስ ብሎታል» ብንል ምን አለበት? ተመራማሪው ኬንት ቤሪጅ ያጠናቸው አይጦች መልስ አላቸው። ዶፓሚናቸው ከሞላ ጎደል የጠፋባቸው አይጦች ምግብ ፊታቸው ተቀምጦ አይበሉም፤ ሰው ካላጎረሳቸው በረሃብ ይሞታሉ። ጣፋጭ ነገር ምላሳቸው ላይ ጠብ ሲልላቸው ግን ልክ እንደ ጤነኞቹ ከንፈራቸውን ይልሳሉ። መፈለግ ሌላ፣ መውደድ ሌላ ሆኖ ተገኘ። የሮቦቱ ነጥብ ቢበዛ መፈለግን ይመስላል።

እያንዳንዱን ምላሽም ስሜት አንበለው። ወለል የሚጠርግ ሮቦት ደረጃ ጫፍ ላይ ደርሶ ማፈግፈጉ ፍርሃት አይደለም፤ ሲዞር ነገሩ አብሮ ያበቃል። ከፍራፍሬ ዝንብ በላይ ጥላ ደጋግሞ ሲያልፍ ግን ዝንቧ ምግቧን ትታ ትሄዳለች፤ ጥላው ከቀረም በኋላ ቶሎ አትመለስም። ጥላው በበዛ ቁጥር የምትረጋጋበት ጊዜ ይረዝማል። ተመራማሪዎቹ ዴቪድ አንደርሰንና ራልፍ አዶልፍስ የሚፈልጉት የስሜት ምልክት ይህን የመሰለ ነው፦ መነሻው ካለፈ በኋላ የሚቆይ፣ እንደ አደጋው መጠን የሚጨምር፣ ሌላውንም ባሕርይ የሚለውጥ ሁኔታ።

«የሰው ዓይነት አንጎል ከሌለ ስሜት የለም» ማለትም አያስኬድም። የባሕር እንስሳዋ ኦክቶፐስ ከ500 ሚሊዮን የነርቭ ሴሎቿ አብዛኞቹ ያሉት በክንዶቿ ውስጥ ነው፤ የብሪታንያ ሕግ ግን እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ስሜት ካላቸው እንስሳት ይቆጥራታል።

የመጨረሻው አካልን መርሳት ነው። እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች ይህን መሳት አልነበረብንም፤ ሆዳችን ይብሳል፣ አንጀታችን ይንሰፈሰፋል፣ ልባችን ይሰበራል። የእንስሳ አንጎል የልብ ምትን፣ ረሃብንና የሰውነት ሙቀትን ያለ ዕረፍት ይከታተላል፤ ከእነዚህ አንዱ ቢዛነፍ ሕይወት ያልፋልና። ተመራማሪዎቹ ኪንግሰን ማንና አንቶኒዮ ዳማሲዮ እ.ኤ.አ. በ2019 ያቀረቡት ሐሳብ ከዚህ ይነሣል፦ ሊጎዳ የሚችል ለስላሳ አካል ያለው፣ ራሱን ለማቆየት የሚጥር ሮቦት ይሠራ ይላሉ። እኔም ስለ አንድ ሮቦት ሲነገረኝ አስቀድሜ የምጠይቀው ባትሪው ሲያልቅ ምን እንደሚሆን ነው። የዛሬዎቹ ይጠፋሉ፤ ሶኬት ሲሰካላቸው ደግሞ ምንም ሳይጎድልባቸው ይነሣሉ።