ስልክ ቁጥር ፓስወርድ አይሆንም

ፓስወርድ የሚሰበረው አንድ ሰው ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ እየገመተ ሲያስገባ የሚመስለው ብዙ ነው። እንደዚያ ቢሆንማ ጥቂት ከሞከረ በኋላ ገጹ ይዘጋበት ነበር። ትልቁ አደጋ የሚመጣው አካውንት የከፈታችሁበት ድርጅት ተጠልፎ የፓስወርድ ፋይሉ ሲሰረቅ ነው። ሌባው ፋይሉን ይዞ ቤቱ ይገባል፤ ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ ቢሞክር የሚከለክለው የለም።

በፋይሉ ውስጥ ብዙውን ጊዜ ያለው ፓስወርዱ ራሱ ሳይሆን «ሃሽ» ነው፤ ከፓስወርዱ በስሌት የወጣና ወደኋላ የማይፈታ ኮድ። ሌባው ግምቱን በዚያው ስሌት ያሳልፍና ከተሰረቀው ጋር ይገጥም እንደሆነ ያያል። ድርጅቱ እንደ ኤምዲ5 ያለ ፈጣን ስሌት ከተጠቀመ፣ ለጌም የሚገዛ አንድ ጥሩ ግራፊክስ ካርድ በሰከንድ 100 ቢሊዮን ያህል ግምት ይሞክራል። ቢክሪፕትና አርጎን2 የተባሉት ስሌቶች ሆን ተብለው ዘገምተኛ ስለተደረጉ ፍጥነቱን በሚሊዮን እጥፍ ሊቀንሱት ይችላሉ። የትኛው ድርጅት የትኛውን እንደሚጠቀም ግን ከውጭ አይታወቅም፤ ስለዚህ ለክፉው ተዘጋጁ።

በሰከንድ 100 ቢሊዮን ግምት እናስላ። በ09 ወይም በ07 የሚጀምር ስልክ ቁጥር ቀሪው 8 አሃዝ ነው፤ ሁሉም ቢደመር 200 ሚሊዮን አማራጭ። ዓይን እስኪጨፈን አይቆይም። ስምንት ትንንሽ የእንግሊዝኛ ፊደላት ሁለት ሰከንድ ይፈጃሉ። ካፒታል፣ ቁጥርና ምልክት ሲቀላቀልባቸው እነዚያው ስምንቱ ወደ 18 ሰዓት ይደርሳሉ። ርዝመቱን 12 ስታደርጉት ግን ከ170,000 ዓመት በላይ ይሆናል። ርዝመት ከምልክት የሚበልጠው ለዚህ ነው።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን ፊደላቱ በዘፈቀደ ከወጡ ብቻ ነው። ሰባሪው ከ«ሀ» ጀምሮ በተራ አይሞክርም፤ ሰዎች ከሚወዱት ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ2009 ሮክዩ ከተባለ ድርጅት 32 ሚሊዮን ፓስወርድ ሃሽ እንኳ ሳይደረግ ተሰርቆ ወጣ፤ በብዛት የተገኘው 123456 ነበር። ያ ዝርዝር እስከ ዛሬ የሰባሪዎች መነሻ ነው። በላዩ ላይ ሕግ ይጨምራሉ፦ የመጀመሪያውን ፊደል ካፒታል አድርግ፣ መጨረሻ ላይ 123 ወይም ቃለ አጋኖ ጨምር፣ «ኤ»ን በ@ ተካ። በእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈ «አበበ@123» ከባድ ቢመስልም በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ይወድቃል። የትውልድ ዘመንን በእኛ አቆጣጠር መጻፍም አያድንም፤ የሰባትና የስምንት ዓመት ልዩነት ለማሽን ምንም ነው።

በአማርኛ ፊደል ብጽፈውስ? ሐሳቡ መጥፎ አይደለም፤ ችግሩ ሌላ ነው። የኮምፒውተሩ መግቢያ ገጽ ላይ የአማርኛ ኪቦርድ ላይኖር ይችላል፤ «ሰ» ይሁን «ሠ» የጻፋችሁት ከወር በኋላ ይጠፋችኋል። በዚያ ላይ ቢክሪፕት ከ72 ባይት በላይ ያለውን አይቆጥርም፤ አንድ የግዕዝ ፊደል ደግሞ 3 ባይት ይይዛል፤ ከ24 ፊደል በኋላ ያለው አይቆጠርም ማለት ነው።

የሚሻለው ዕጣ ነው። ከ0 እስከ 9 በአሥር ቁራጭ ወረቀት ላይ ጻፉ፣ አጥፋችሁ ኩባያ ውስጥ ጨምሩ። ወፍራም የአማርኛ መዝገበ ቃላት አቅርቡ። ሦስት ጊዜ አውጡ፤ የገጹ ቁጥር ነው። አራተኛው ዕጣ በገጹ ላይ ስንተኛውን ቃል እንደምትወስዱ ይነግራችኋል፤ 0 ከወጣ አሥረኛውን ውሰዱ። ወረቀቱን በየጊዜው መልሳችሁ በጥብጡ። ገጹ ወይም ቃሉ ከሌለ ከገጹ ጀምራችሁ ድገሙ። መጽሐፉ ሺህ ገጽ ያህል ከሆነ እያንዳንዱ ቃል ከ10,000 አንዱ ነው ማለት ነው፦ አራት ቃል በ28 ሰዓት ያልቃል፣ አምስት ቃል 32 ዓመት ገደማ፣ ስድስት ቃል ከ300,000 ዓመት በላይ። ስድስት አድርጉት። ሰዎች ሁሉን የሚያበላሹት እዚህ ላይ ነው፤ የወጣውን ቃል ስላልወደዱት በሌላ ይለውጡታል ወይም ዓረፍተ ነገር እንዲሆንላቸው ያስተካክሉታል። እንደወጣ ይቀመጥ። በእንግሊዝኛ ፊደል ስትጽፉት የ«ጸ»ንና የ«ቀ»ን አጻጻፍ ወስኑ፤ እስኪለመዳችሁ ድረስ ወረቀቱን ፓስፖርት በምታስቀምጡበት ቦታ አኑሩት።

ይህ ስድስት ቃል ሌሎቹን ፓስወርዶች ቆልፎ ለሚይዝላችሁ የፓስወርድ ማስቀመጫ አፕ ብቻ ይሁን። ለኢሜይላችሁና ለኮምፒውተራችሁ እንደገና ዕጣ አውጡ። የቀረውን ሁሉ እንደ ቢትዋርደን ወይም ኪፓስኤክስሲ ያለው ማስቀመጫ አፕ 16 እና ከዚያ በላይ ፊደል አድርጎ ያመንጭላችሁ፤ እናንተ ማስታወስ የለባችሁም። አንዱን ፓስወርድ ሁለት ቦታ አትጠቀሙ፦ ከአንዱ የወጣው በሌላው ሁሉ ይሞከራል። በየሦስት ወሩ መቀየር ግን ትርፍ የለውም፤ ሰው የመጨረሻዋን ቁጥር ብቻ ነው የሚቀይረው። የአሜሪካው የደረጃዎች ተቋም ኒስት እንኳ እ.ኤ.አ. በ2017 መመሪያው በየጊዜው ማስቀየር እንደማይገባ መክሯል። ወጣ ተብሎ ሲሰማ ቀይሩ።

ሁለተኛ ማረጋገጫ፣ ማለትም ከፓስወርዱ በተጨማሪ የሚጠየቅ ኮድ፣ ስትከፍቱ ከኤስኤምኤስ ይልቅ ኮድ የሚያወጣ አፕ ምረጡ፤ በተለይ ውጭ አገር ያላችሁና ኮዱ አዲስ አበባ በቀረ ሲም የሚመጣላችሁ። ጉግል የሚሰጣቸውን 10 መጠባበቂያ ኮዶች ደግሞ ወረቀት ላይ ያዙ።

ኢሜይላችሁን ስልክ የገዛችሁበት ሱቅ ከፍቶላችሁ ከሆነ፣ ፓስወርዱን ከመቀየራችሁ በፊት የመልሶ ማግኛ ስልኩና ኢሜይሉ የማን እንደሆነ እዩ። የባለሱቁ ከሆነ መጀመሪያ እሱን አውጡ፤ አለበለዚያ ስድስቱም ቃላት በአንድ ኤስኤምኤስ ይሻራሉ።