በቪዲዮ የተፈረመው ውክልና ጎንደር ላይ ለምን ይመለሳል?

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ማመልከቻና ውል እየጻፍኩ ነው የምተዳደረው። ከውጭ አገር የመጣ ውክልና ተመልሶባቸው ተክዘው የሚቀመጡ ወላጆችን የማላይበት ሳምንት ጥቂት ነው። የሁሉም ጥያቄ ተመሳሳይ ነው፦ «ልጄ እዚያው ቤቱ ሆኖ በኮምፒውተር አስረጋግጦ ልኮታል፤ እዚህ ለምን አይሠራም?» ሰነዱን የሚቀበለው ሠራተኛ ማወቅ የሚፈልገው ፈራሚውን አይቶ «እርሱ ነው፤ በፈቃዱ ነው የፈረመው» ያለው ሹም ማን እንደሆነ ነው። ያንን ሹም የሚያውቅበት መንገድ ካላገኘ ወረቀቱን ይመልሰዋል። ከዚህ በታች ያሉት ችግሮች አብዛኞቹ የሚፈቱት ይህንን ከተረዱ በኋላ ነው።

ችግር፦ በቪዲዮ ተረጋግጦ በኢሜይል የመጣው ውክልና ተመለሰ

ምክንያቱ። በአሜሪካ በኢንተርኔት ሰነድ ማረጋገጥ ሕጋዊ ነው። ቨርጂኒያ ከሁሉም ግዛቶች ቀድማ በ2011 እ.ኤ.አ. ሕጉን አወጣች፤ በዓመቱም ሥራ ላይ አዋለችው። ከኮሮና ወረርሽኝ ወዲህ አብዛኞቹ ግዛቶች ተከትለዋታል። ፈራሚው መታወቂያውን በካሜራ ያሳያል፤ ስለ ቀድሞ አድራሻውና ስለ ብድር ታሪኩ ይጠየቃል፤ ኖተሪው (በግዛቱ የተሾመ ሰነድ አረጋጋጭ) በቪዲዮ እያየው ይፈርማል፤ ሁሉም ይቀረጻል። ቨርጂኒያ ውስጥ ቅጂው ቢያንስ ለ5 ዓመት መቀመጥ አለበት። ስለዚህ ልጅዎ አላታለለዎትም፤ ሰነዱም ሐሰተኛ አይደለም።

ነገር ግን ኖተሪውን የሾመችው አንዲት ግዛት ናት፤ ጎንደር ያለው ሠራተኛ ማህተሙን የሚያመሳክርበት መዝገብ የለውም። ሌላም ጉድለት አለ። የኤሌክትሮኒክ ማህተሙ ኃይል ያለው በፋይሉ ውስጥ ነው፤ ከተፈረመ በኋላ አንዲት ፊደል ብትነካ ፋይሉ ራሱ ይናገራል። በወረቀት ሲታተም ይህ ጥበቃ ሁሉ ይጠፋና የማህተም ሥዕል ብቻ እጅዎ ላይ ይቀራል። አንዲት እናት ይህንኑ ሥዕል በቀለም አሳትመው፣ እንዳይበላሽ ብለው በፕላስቲክ አስለብጠው ሲመላለሱ አይቻለሁ። በፕላስቲክ በተለበጠ ወረቀት ላይ ደግሞ ቀጣዩ ማህተም ማረፊያ የለውም። እባክዎ ሰነድ አያስለብጡ።

መፍትሄው። ረጅሙ መንገድ የማህተም ሰንሰለት ነው። የግዛቱ ባለሥልጣን የኖተሪውን ሹመት ያረጋግጣል፤ የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት የግዛቱን ማህተም፣ የኢትዮጵያ ኤምባሲ የዚያን፣ አዲስ አበባ ያለው የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ደግሞ የኤምባሲውን ያረጋግጣሉ። ከዚያ በኋላ ነው ውልና ማስረጃ የሚደርሰው። እያንዳንዱ የሚመሰክረው ከእርሱ በፊት ላረፈው ማህተም ብቻ ስለሆነ አንዱን መዝለል አይቻልም። በኢንተርኔት የተረጋገጠ ሰነድ ወደዚህ ሰንሰለት የሚገባው ግዛቱ ታትሞ የወጣውን ቅጂ የሚቀበል ከሆነ ነው፤ ልጅዎ ይህንን ለኖተሪው ከመክፈሉ በፊት ይጠይቅ።

አጭሩ መንገድ ውክልናውን ከመጀመሪያው በኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ በኩል መስጠት ነው። እዚያ ያለው ሹም የራሳችን መንግሥት ሹም ስለሆነ የውጭ ማህተሞች ሰንሰለት አያስፈልግም። በአካል፣ በፖስታ ወይም በኤሌክትሮኒክ አገልግሎት የሚያስተናግድ መሆኑ ከኤምባሲ ኤምባሲ ይለያያልና አስቀድሞ ይደወል። እኔን ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምመክረው ይህንኑ ነው።

ችግር፦ ማህተሙ ሁሉ ተሟልቶ «ቃሉ አይበቃም» ተባልን

ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ይህ ነው፤ ገንዘቡም ጊዜውም ከወጣ በኋላ የሚመጣ ነውና። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2203 በጠቅላላ አነጋገር የተሰጠ ውክልና የአስተዳደር ሥራ ብቻ እንደሚያሠራ ይናገራል። ይህም ንብረት መጠበቅ፣ ዕዳ መሰብሰብ፣ ከ3 ዓመት ለማይበልጥ ጊዜ ማከራየትና የመሳሰለው ነው። ቁጥር 2205 ደግሞ የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ወይም በዋስትና ለማስያዝ፣ ስጦታ ለማድረግ፣ ለመታረቅ፣ ለመክሰስና ለመከሰስ ልዩ ሥልጣን ይጠይቃል። «እናቴ በማናቸውም ጉዳይ እንድትሠራልኝ ወክያታለሁ» የሚለው ቃል ሲያዩት ሰፊ ይመስላል፤ ማራኪ ሰፈር ያለውን ቤት ለመሸጥ ግን አያገለግልም።

መፍትሄው። ረቂቁ እዚህ ይጻፍ። ድርጊቶቹ በስማቸው ይዘርዘሩ፦ ለመሸጥ፣ ለመለወጥ፣ በዋስትና ለማስያዝ፣ በፍርድ ቤት ለመከራከር። ቤቱም በክፍለ ከተማው፣ በቀበሌውና በካርታ ቁጥሩ ይገለጽ። ንብረቱ የጋራ ከሆነ የትዳር ጓደኛም ይፈርም። ረቂቁን ጉዳዩ ለሚፈጸምበት ጽሕፈት ቤት ወይም ባንክ ያሳዩና ከተስማሙ በኋላ በቴሌግራም ለልጅዎ ይላኩ፤ እርሱ ያንኑ ቃል ሳይለውጥ ይፈርም። ኢንተርኔቱ በእውነት የሚጠቅመን እዚህ ላይ ነው፤ ስህተቱ ከፊርማ በፊት ይታረማል።

ችግር፦ አባታችን አዘዞ ታመው ተኝተዋል፤ በቪዲዮ ቢፈርሙስ?

ምክንያቱ። የኤሌክትሮኒክ ፊርማ በአዋጅ ቁጥር 1072/2010፣ የኤሌክትሮኒክ ግብይት ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1205/2012 ሕጋዊ ዕውቅና አግኝተዋል። ነገር ግን ፊርማውን መቀበል አንድ ሥራ ነው፤ ፈራሚውን አይቶ፣ አነጋግሮ፣ ፈቃዱን መረዳት ሌላ ሥራ ነው። በተለይ አባትዎ ማየት ወይም ማንበብ የማይችሉ ከሆነ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1728 የጣት አሻራቸው በሰነድ አረጋጋጭ፣ በመዝጋቢ ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ እንደማያስገድዳቸው ይደነግጋል። ይህ የተጻፈው እርሳቸውን ለመጠበቅ ነው።

መፍትሄው። የሕክምና ማስረጃ ይዘው ሹሙ አባትዎ ካሉበት ድረስ እንዲመጣ ለውልና ማስረጃ ጽሕፈት ቤቱ ያመልክቱ። ሲመጣ ከክፍሉ ይውጡ፤ አባትዎ ብቻቸውን ይጠየቁ። ይህ ኋላ ከወንድምና ከእህት የሚመጣውን ክርክር ያስቀራል። ደግሞም አይዘግዩ፤ ፈቃዳቸውን መግለጽ ካልቻሉ በኋላ ማንም ሹም ሊያረጋግጥላቸው አይችልም።

ችግር፦ ጎንደር ሆኜ ለአሜሪካ የሚሆን ሰነድ በኢንተርኔት ማስረጋገጥ አቃተኝ

የማንነት ጥያቄዎቹ የሚወጡት በአሜሪካ ካለ የብድርና የአድራሻ መዝገብ ነው፤ እዚያ ኖረው ካላወቁ መልሱ የለዎትም። አዲስ አበባ በሚገኘው የአሜሪካ ኤምባሲ በቀጠሮ ይረጋገጣል፤ ለእያንዳንዱ ማህተም 50 ዶላር ያስከፍላል። ቤትዎ ሳይፈርሙ ይሂዱ፤ መፈረም ያለብዎት በሹሙ ፊት ነው። «ከጎንደር ሳይወጡ በስልክ እናስጨርስልዎታለን» ለሚል ደላላ ደግሞ የፓስፖርትዎንና የፋይዳ መታወቂያዎን ፎቶ አይላኩ።

ችግር፦ ስሙ አልገጠመም

ፓስፖርቱ ላይ የአያት ስም አለ፣ ካርታው ላይ የለም፤ ወይም ልጅዎ ዜግነት ሲቀይር ስሙንም ቀይሯል። በውክልናው ውስጥ ሁለቱም ስሞች ይጻፉ፤ የስም ለውጡ ማስረጃም አብሮ በዚያው ሰንሰለት ተረጋግጦ ይምጣ። በእንግሊዝኛ የመጣውን በሙሉ ፈቃድ ባለው ተርጓሚ ወደ አማርኛ ያስመልሱ።

ችግር፦ ወካዩ በመሐል አረፈ

በቁጥር 2232 መሠረት ወካዩ ሲሞት ውክልናው ይቋረጣል፤ ማህተሙ ትናንት ያረፈበት ቢሆንም እንኳ። ሐዘን ላይ ሆነው ይህንን መስማት ከባድ ነው፤ ሆኖም በዚያ ወረቀት ሽያጭ መፈጸም ኋላ በወራሾች መካከል ክስ ያመጣል። ውክልናውን ያስቀምጡትና የሞት ማስረጃውን ይዘው የወራሽነት ማረጋገጫ ለማውጣት ወደ ፍርድ ቤት ይሂዱ።