ልጅ የቻለውን ሲያጣ፦ በዘር ስለሚተላለፉ ብርቅዬ የአንጎል በሽታዎች

ዘግይቶ አፉን የፈታ ልጅ ሌላ ነው፤ ሲያወራ ቆይቶ ቃላት እየጠፉበት የመጣ ልጅ ሌላ። ሁለተኛው «ሲያድግ ይስተካከላል» ተብሎ አይጠበቅም፤ ቶሎ የሕፃናት ነርቭ ሐኪም ይየው።

ከመሄድዎ በፊት መቼ እንደተቀመጠ፣ መቼ እንደተራመደ፣ የትኛው ችሎታ መቼ እንደቀረ ይጻፉ። ትዝታ ስለሚያሳስት የድሮ የስልክ ቪዲዮዎችን ያገላብጡ፤ ቀናቸው አብሮ አለ። የሚያንቀጠቅጠው ከሆነ ፊቱና እጅ እግሩ አንድ ላይ እንዲታዩ አድርገው ይቅረጹ። በወላጆች መካከል የሥጋ ዝምድና ካለ አይደብቁ።

ምልክቱ ብዙ ይናገራል። ለትንሽ ድምፅ ክፉኛ የሚደነግጥና ሰውነቱ የሚዝል ጨቅላ ቴይ-ሳክስ የተባለውን በሽታ ያስጠረጥራል። ከ2 እስከ 4 ዓመት ባለው ጊዜ ንግግሩ ዘግይቶ ቀጥሎ መንቀጥቀጥ የጀመረው ሲኤልኤን2ን፣ ዓይኑን ወደ ላይና ወደ ታች ማንቀሳቀስ ያቃተውና ሲስቅ ጉልበቱ የሚከዳው ደግሞ ኒማን-ፒክ ሲ የተባለውን ያስጠረጥራል። ጎበዝ የነበረ ወንድ ልጅ ትኩረቱ ሲበተን፣ መስማት ሲሳነው ወይም ቆዳው ሲጠቁር አድሬኖሊውኮዲስትሮፊ የተባለው በሽታ ይታሰብ። ይህኛው «ስንፍና» እየተባለ ወራት ይባክናሉ፤ የመቅኒ ንቅለ ተከላ የሚጠቅመው ግን በእነዚያው ወራት ነው።

መደበኛው የደም ምርመራ ደህና ቢሆን እንኳ እነዚህ በሽታዎች የሉም ማለት አይደለም፤ የኢንዛይም ወይም የዘረመል ምርመራ በስሙ መታዘዝ አለበት። መጀመሪያ የሚፈለጉት መድኃኒት ያላቸው ናቸው። ለምሳሌ የባዮቲኒዴዝ ኢንዛይም ጉድለት ባዮቲን በመውሰድ ይታከማል። ለሲኤልኤን2 ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሰርሊፖኔዝ አልፋ የተባለ መድኃኒት አለ፤ በየ2 ሳምንቱ በቀጥታ በአንጎል ውስጥ ወዳለው ፈሳሽ የያዘ ክፍተት ይገባል። ማሽቆልቆሉን ያዘገያል እንጂ የጠፋውን አይመልስም።

የሚጥል በሽታ መድኃኒት ሲመረጥ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ካርባማዜፒን እጅ እግርን ድንገት የሚያስወራጨውን ዓይነት ሊያባብስ ይችላል፤ ቫልፕሮኤት ደግሞ ፖልጂ (POLG) በተባለው ዘረመል ላይ ችግር ባለበት ልጅ ላይ ጉበት ይገድላል። የተጀመረውን ግን በራስዎ በድንገት አያቋርጡ። ሲያንቀጠቅጠው በጎኑ ያስተኙት፣ አፉ ውስጥ ምንም አይክተቱ፣ ሰዓት ይያዙ፤ 5 ደቂቃ ካለፈ ድንገተኛ ሕክምና ነው።

ብዙዎቹን ልጆች የሚጎዳው የሳንባ ምች ነው፤ መነሻውም ትንታ። ቀጭን ፈሳሽ ከወፍራም ምግብ ይልቅ ቶሎ ትን ያስብላል፤ ስለዚህ መጠጡ ምን ያህል ይወፍር የሚለውን ከባለሙያ ጋር ይወስኑ። ቀጥ አድርገው ያስቀምጡት፣ አገጩ ወደ ኋላ አይጋደል፣ ከበላ በኋላም 30 ደቂቃ አያስተኙት። ሳያስል ትን የሚለውም አለ፤ ከጉርሻ በኋላ ድምፁ ፈሳሽ እንደያዘ ሆኖ ከተሰማ ምልክቱ ያ ነው። አንዱ ምግብ ከ30 ደቂቃ በላይ እየወሰደ ክብደቱ ከቀነሰ በሆድ በኩል የሚገባ የመመገቢያ ቱቦ ይጠይቁ፤ ልጁ ሳይዳከም ቢደረግ ይሻላል።

ሁለቱም ወላጆች ተሸካሚ የሆኑበት (ዘረመሉን ይዘው ራሳቸው የማይታመሙበት) በሽታ በየእርግዝናው 25 በመቶ ዕድል አለው፤ ታናናሾቹም ምልክት ሳያሳዩ ይመርመሩ። ሜታክሮማቲክ ሊውኮዲስትሮፊ ለተባለው ሌላ እንዲህ ያለ በሽታ የሚሰጠው የጂን ሕክምና በተለይ የሚሠራው እንዲህ ቀድመው ለተገኙት ነው።